ታረቁ ተብሎ ተልኮ አውግዞ የተመለሰው መነኩሴ፦ ሁምበርት እና የ1054ቱ መለያየት

ዘታሪክ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ1054ቱ መለያየት፣ ማለትም የሮምና የቁስጥንጥንያ አብያተ ክርስቲያናት ጠብ፣ እዚህ መድረክ ላይ ደጋግሞ ተነስቷል። ሁሌም ግን ክርክሩ ስለ ሮምና ስለ ቁስጥንጥንያ ነው። የውግዘቱን ደብዳቤ በቁስጥንጥንያ ዋና ቤተ ክርስቲያን በሐጊያ ሶፊያ መንበር ላይ ስላኖረው ሰው ብዙም አይወራም። ስሙ ሁምበርት ነው። መነኩሴ ነበር። ታሪኩን ሳነብ አንድ ነገር ልቤን ያዘው። ክህነት በገንዘብ ሲሸጥ «አይሆንም» ያሰኘው ጠባይና ቁስጥንጥንያ ላይ ነገር ያበላሸበት ጠባይ አንድ ነው። ረዘም ይላልና ታገሱኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁምበርት የሎሬን አካባቢ ሰው ነው። ዛሬ ምሥራቅ ፈረንሳይ በምንለው አገር፣ ቮዥ በሚባሉት ተራሮች መሀል፣ ሞያንሙቲዬ የሚባል ገዳም ነበር። ገና በልጅነቱ እዚያ ገባ። ገዳሙ የሚተዳደረው በቅዱስ ቤነዲክቶስ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያን ውስጥ ተጻፈ። በቀን ሰባት ጊዜ ይጸለያል፤ ሌሊትም ይነሳሉ። በመካከሉ የእጅ ሥራና ንባብ አለ። መነኩሴው አበምኔቱን ይታዘዛል። በገባበት ገዳም እስከ ዕለተ ሞቱ ሊኖርም ቃል ይገባል። ሁምበርት እዚያ ጎልምሶ ላቲኑን አሳምሮ ተማረ። ግሪክኛም ያነብ ነበር። በዚያ ዘመን በምዕራቡ ዓለም ይህ ብርቅ ነው። ለዲፕሎማትነት ያሳጨውም ይኸው ነው።

ከገዳሙ ያወጣው የቱል ከተማ ጳጳስ ብሩኖ ነው። በ1048 መጨረሻ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ሄንሪ 3ኛ ብሩኖን ለሮም መንበር መረጠው። ብሩኖ ግን «የሮም ካህናትና ሕዝብ ካልመረጡኝ አልቀበልም» አለ። እንደ ተሳላሚ ሆኖ ሮም ገባ። እነሱም መረጡት። በየካቲት 1049 ሊዮ 9ኛ ተብሎ ተሾመ። ሲሄድም ከሎሬንና ከአካባቢው የሚያምናቸውን ሰዎች ይዞ ሄደ። አንዱ ሁምበርት ነው።

የእነዚህ ሰዎች ዋና ጠላት ክህነትን በገንዘብ መግዛትና መሸጥ ነበር። የሲሞን መሠርይን ታሪክ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ታውቁታላችሁ። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ጵጵስና በገሃድ ይገዛ ነበር። ሊዮ በጥቅምት 1049 ሬምስ ከተማ ጉባኤ ጠራ። የቅዱስ ሬሚጊዮስን አጽም መንበሩ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ጳጳሳቱን «ሹመታችሁን በገንዘብ አለማግኘታችሁን በዚህ ፊት ተናገሩ» አላቸው። አንዳንዶቹ መልስ አጡ። እንዲህ ያለ ድፍረት ለረጅም ጊዜ አልታየም ነበር።

ሁምበርት በ1050 የሲሲሊ ሊቀ ጳጳስ ተባለ። ደሴቲቱ በሙስሊም ገዢዎች እጅ ስለነበረች መንበሩ የስም ብቻ ነው። በ1051 ደግሞ የሲልቫ ካንዲዳ ካርዲናል ጳጳስ ሆነ። ይህች ሀገረ ስብከት ሮም አጠገብ ናት። በቃ፣ ከዚያ በኋላ የሊዮ ቀኝ እጅ ነው።

አሁን ወደ ቁስጥንጥንያ። ኖርማኖች የሚባሉ ጦረኞች ደቡብ ጣልያንን እየወረሩ ነበር። አገሩ በከፊል የቢዛንታይን (መዲናው ቁስጥንጥንያ የሆነው የምሥራቁ መንግሥት) ነው፣ በከፊል ደግሞ ሮም ይገባኛል ትላለች። ስለዚህ ጳጳሱና የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ 9ኛ የጋራ ጠላት ነበራቸው። ሊዮ ራሱ ጦር ይዞ ወጣ። ሰኔ 18 ቀን 1053 ቺቪታቴ ላይ ተሸነፈ። ኖርማኖቹ ቤኔቬንቶ ከተማ ውስጥ ለወራት አቆዩት።

በዚያው ሰሞን የኦኽሪድ ሊቀ ጳጳስ ልዮን አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የተላከው ደቡብ ጣልያን ውስጥ ላለ የትራኒ ጳጳስ ነው። ላቲኖቹን ይከሳል። ለቁርባን ያልቦካ ቂጣ ያቀርባሉ፣ ቅዳሜን ይጾማሉ፣ ታንቆ የሞተ እንስሳ ይበላሉ፣ በዐቢይ ጾም ሃሌ ሉያ አይሉም ይላል። ደብዳቤው ሁምበርት እጅ ገባ። ወደ ላቲን መለሰውና ለሊዮ ሰጠው። ለመልሱ ብዕሩን ያነሳውም እሱ ራሱ ነው።

በ1054 መጀመሪያ ሦስት ልዑካን ወደ ቁስጥንጥንያ ተላኩ። ሁምበርት መሪያቸው ነው። ሁለተኛው የሎሬኑ ፍሬድሪክ ነው፤ ኋላ እስጢፋኖስ 9ኛ ተብሎ በሮም መንበር ተቀምጧል። ሦስተኛው የአማልፊው ሊቀ ጳጳስ ጴጥሮስ ነው። ተልእኳቸው ከንጉሡ ጋር ቃል ኪዳን ማሰር፣ ከፓትርያርኩም ጋር ሰላም ማውረድ ነበር።

የሆነው ሌላ ነው። ፓትርያርክ ሚካኤል ኬሩላሪዮስ ዘንድ ገቡ። ደንቡ የሚጠይቀውን ሰላምታ ሳይሰጡ፣ እጅ ሳይነሱ፣ ደብዳቤውን አስረክበው ወጡ። ኬሩላሪዮስም ማኅተሙ የተነካካ ነው ብሎ ጠረጠረ። ከዚያ ወዲያ ሊያያቸው አልፈለገም። እነሱ በንጉሡ እንግድነት ተቀመጡ። ሳምንታት አለፉ። ሚያዝያ 19 ሊዮ ሮም ላይ አረፈ። ልዑካኑ ግን አልተመለሱም።

ቅዳሜ ሐምሌ 16 ቀን 1054 ለቅዳሴ ዝግጅት ሲደረግ ሐጊያ ሶፊያ ገቡ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 1046 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የውግዘቱን ጽሑፍ መንበሩ ላይ አኖሩ። የእግራቸውን ትቢያ አራገፉ። «እግዚአብሔር ይይ፣ ይፍረድም» ብለው ወጡ። አንድ ዲያቆን ጽሑፉን ይዞ ከኋላቸው ሮጠ። መልሳችሁ ውሰዱ ብሎ ለመናቸው። አልተቀበሉትም። ወረቀቱ መንገድ ላይ ወደቀ።

የእናንተን ሐሳብ ልስማ። ይህ ሰው ጥፋተኛ ነው ወይስ ለእውነት የቆመ?

ሰብለ ዘጉለሌ፦

ዘታሪክ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ ሊዮ የኛ አባቶች ያወገዙት ልዮን ነው እንዴ? በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት ስሙን ስሰማ ነው ያደግኩት።

ዘታሪክ፦

አይደለም እህቴ። የኛ አባቶች ያወገዙት ልዮን ቀዳማዊ ነው። በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ደብዳቤው የተነበበው። ሊዮ 9ኛ ከእሱ 600 ዓመት ገደማ በኋላ የመጣ ነው። ይሄን ጥሩ አነሳሽው፤ ብዙ ሰው ይቀላቅለዋል። የኢትዮጵያ፣ የግብፅ፣ የሶርያና የአርመን አብያተ ክርስቲያናት ከሮምም ከቁስጥንጥንያም የተለዩት በኬልቄዶን ነው። የ1054ቱ ጠብ የሮምና የቁስጥንጥንያ ነው። ያኔ እኛ እዚያ ክርክር ውስጥ የለንበትም።

አቤል ከሮም፦

እኔ የምኖረው ሮም ነው። ለሁምበርት ጠበቃ ልቁም።

ሁላችንም 1054ን ብቻ ይዘን እንፈርድበታለን። ሰውየው ከዚያ በኋላ የሠራውን ግን ማየት አለብን። በሚያዝያ 1059 በላተራን ጉባኤ ጳጳሱ ኒቆላዎስ 2ኛ አንድ ድንጋጌ አወጡ። የሮምን ጳጳስ የሚመርጡት በመጀመሪያ ካርዲናል ጳጳሳቱ ተመካክረው ነው አሉ። ቀጥሎ ሌሎቹ ካርዲናሎች ይገባሉ። ካህናቱና ሕዝቡ ደግሞ ይስማማሉ። ከድንጋጌው ጀርባ ሁምበርት እንዳለበት ብዙ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ። ከዚያ በፊት ማን ነበር የሚመርጠው? የሮም መሳፍንት ቤተሰቦች፣ ካልሆነም የጀርመን ንጉሥ ናቸው። በ2025 ሊዮ 14ኛ ሲመረጡ 133 ካርዲናሎች ሲስቲን ጸሎት ቤት ገብተው በራቸውን ዘግተው ነው የመረጡት። እኔም አደባባዩ ላይ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ነበር። የዚያ ሥርዓት መሠረት በ1059 የተጣለው ነው።

ሌላም አለ። ክህነትን በሚሸጡት ላይ ሦስት መጻሕፍት ጽፏል። እዚያ ላይ ነገሥታት ለጳጳስ በትርና ቀለበት እየሰጡ መሾማቸውን በቀጥታ ይቃወማል። ያኔ ይህን በግልጽ መናገር ቀላል አልነበረም። እሱ ካረፈ በኋላ በሮሙ ጳጳስ በጎርጎርዮስ 7ኛና በጀርመኑ ሄንሪ 4ኛ መካከል ለተነሳው ትልቅ ግጭት ሐሳቡን ያዘጋጀው እሱ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሰው ጎበዝ ነው የምለው።

መምህር ዘደብር፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። ስለ ክህነት ሽያጭ አንድ ነገር ልጨምር። ጉዳዩ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

ሁምበርት «ክህነትን በገንዘብ የገዛ ክህነት የለውም፤ እሱ የሾማቸውም ካህናት አይደሉም» ብሎ አስተማረ። ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን ምን ያስከትላል? በአንድ አገር ጳጳሱ በገንዘብ የገባ ቢሆን፣ እሱ የሾማቸው ካህናት ያጠመቁት ሕዝብ ምን ይሁን? ያቆረቡት ቁርባንስ? አንዲት ባልቴት ሳታውቅ ለዓመታት ያለ ቁርባን ኖራለች ማለት ነው።

በዘመኑ ጴጥሮስ ዳሚያኒ የሚባል ሌላ መነኩሴ ነበር። እሱም እንደ ሁምበርት የክህነት ሽያጭን አጥብቆ ይጠላል። ነገር ግን በዚህ አልተስማማም። «ጸጋው የእግዚአብሔር ነው፤ ሻጩ ቢረክስ ጸጋው አይረክስም» በሚል ሐሳብ ጻፈ። ምዕራባውያን በኋላ የያዙት የዳሚያኒን መንገድ ነው። አውግስጢኖስም የካህኑ ኃጢአት ምሥጢሩን ይሽራል ከሚሉት ከዶናቲስቶች ጋር ሲከራከር ይህን አስተምሮ ነበር።

ስለዚህ አቶ አቤል፣ ቅንዓቱን እኔም አከብራለሁ። በዘመናችንም ሹመት በእጅ መንሻ ሲገኝ ዝም ለሚል ሰው ጥሩ አብነት ነው። ግን ሁምበርት ኃጢአተኛውን ሲመታ ከጀርባው የቆመውን ሕዝብ አያይም። ቁስጥንጥንያም ላይ ያደረገው ይኸንኑ ነው።

ሚኪ ቨርጂኒያ፦

ውግዘቱ ላይ በትክክል ምን ነበር የተጻፈው? ሁሌ «ቂጣ» እና «ወወልድ» ብቻ ነው የምንሰማው።

ዘታሪክ፦

ሚኪ፣ ጽሑፉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱን፣ ካህናቱንና የከተማዋን ሕዝብ ያመሰግናል። እጅግ ክርስቲያን ናቸው ይላል። ከዚያ ሚካኤል ኬሩላሪዮስን፣ የኦኽሪዱን ልዮንንና ተከታዮቻቸውን ለይቶ ያወግዛል። ይህን ልብ በሉ። የምሥራቁን ቤተ ክርስቲያን በሙሉ አላወገዘም።

ክሶቹ ረጅም ናቸው። እያንዳንዱን ከአንድ የጥንት መናፍቅ ጋር ያያይዘዋል።

እንደ ሲሞን መሠርይ የእግዚአብሔርን ስጦታ ይሸጣሉ ይላል። ይህን የሚለው ደግሞ ራሱ በዚያው በሽታ ከታመመ ምዕራብ መጥቶ ነው። የላቲንን ጥምቀት ሽረው ዳግመኛ ያጠምቃሉ፤ ጃንደረቦችን ጳጳስ ያደርጋሉ፤ ቀሳውስቱ ሚስት ያገባሉ ይላል። ሕፃን ስምንት ቀን ሳይሞላው ሞት ቢያሰጋው እንኳ አያጠምቁም፤ አራስና በወር አበባ ላይ ያለችን ሴት አያቆርቡም፤ ጺሙን የተላጨውን አይቀበሉም ይላል።

ትልቁ ክስ ግን የጸሎተ ሃይማኖቱ ነው። መንፈስ ቅዱስ ከወልድም ይሠርጻል የሚለውን ከጸሎቱ ቆርጠው ጥለዋል ይላል። ይህ በታሪክ ስሕተት ነው። በ381 የጸደቀው ጸሎት ውስጥ «ከአብ የሠረጸ» ብቻ ነው ያለው። እኛም በቅዳሴ የምንለው ይኸንኑ ነው። «ወወልድ» የሚለውን ምዕራባውያን ቀስ በቀስ ጨመሩት። የሮም ቤተ ክርስቲያን ራሷ በቅዳሴዋ ያስገባችው በ1014 ነው። የጀርመኑ ሄንሪ 2ኛ ሮም ላይ ዘውድ ሲጭን ማለት ነው። ከዚያ 200 ዓመት ቀደም ብሎ የሮሙ ጳጳስ ሊዮ 3ኛ ጸሎቱን ያለ ጭማሪው በብር ሰሌዳ ላይ አስቀርጸው ነበር። ሁምበርት 40 ዓመት ብቻ የሆነውን ጭማሪ ጥንታዊ ነው ብሎ ግሪኮቹን በመቁረጥ ከሰሳቸው።

ሰብለ ዘጉለሌ፦

ቆይ ግን፣ አራስ ሴት አትቆርብም፣ ቅዳሜ አይጾምም፣ ኅብስቱ የቦካ ነው፣ ቄስ ያገባል። እነዚህ እኮ እኛም ጋ ያሉ ናቸው! በዐቢይ ጾም እንኳ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንታቀባለን እንጂ እህል ውሃ ሳንቀምስ አንውልም። ከቀዳም ሥዑር በቀር። ሁምበርት ኢትዮጵያ ቢመጣ እኛንም ያወግዘን ነበር ማለት ነው?

መምህር ዘደብር፦

ልጄ ሰብለ፣ ባመጣቸው ክሶች ብቻ ቢፈርድ አዎ፣ ብዙው ይነካን ነበር። ነገር ግን የቂጣውን ነገር በጥንቃቄ እንየው። የኛ እኅት የሆነችው የአርመን ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን ያልቦካ ኅብስት ታቀርባለች። በ1045 ቢዛንታይኖች የአርመኖችን ከተማ አኒን ያዙ። ከዚያ በኋላ ቁስጥንጥንያ ውስጥ ስለ ቂጣ የነበረው ክርክር በአብዛኛው ከአርመኖች ጋር ነው። ግሪኮቹ ያንን ሙግት ተለማምደውት ነበር። የላቲኖቹ ቂጣ ሲመጣ ያንኑ መሣሪያ አነሡ።

እና አንድ ሰው በአንድ ኅብስት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ወንድሙን ቢያወግዝ፣ እኛም አርመኖችን ልናወግዝ ነው። አናወግዝም። በአንድ እምነት ውስጥ የልማድ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ሁምበርትም ኬሩላሪዮስም ይህን ማየት አልቻሉም።

ኤርሚያስ ፪፦

ሁላችሁም ሁምበርት ላይ ተረባረባችሁ። ኬሩላሪዮስስ? እሱ እኮ ንጹሕ አይደለም። በ1040 በንጉሡ ላይ ሤራ ውስጥ ገብቶ ነው የታሰረው፤ የመነኮሰውም ከዚያ በኋላ ነው። ቁስጥንጥንያ ውስጥ የነበሩትን የላቲን አብያተ ክርስቲያናት አዘጋ። በዚያ ላይ ልዑካኑ ለወራት ሲቀመጡ አንዴ እንኳ ጠርቶ አላነጋገራቸውም። ንጉሡ ሰላም ሲፈልግ እሱ ሕዝቡን ቀሰቀሰ። ልዑካኑ ከወጡ በኋላ ንጉሡ ከመንገድ አስጠርቶ ሊያነጋግራቸው ነበር። ግን ከተማው በሁከት ተናወጠና እንደገና እንዲሄዱ ፈቀደላቸው። አስተርጓሚዎቻቸው ተገርፈው ለፓትርያርኩ ተሰጡ። ይህን የሠራው ሁምበርት ነው እንዴ?

ሐምሌ 24 የኬሩላሪዮስ ሲኖዶስ መልሶ አወገዘ። ሁለት ግትር ሰዎች ናቸው። ጥፋቱን ለአንዱ ብቻ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ዘታሪክ፦

ኤርሚያስ፣ በኬሩላሪዮስ ላይ ያልከው ትክክል ነው። የሲኖዶሱም ውግዘት ቢሆን የወደቀው በጽሑፉና በጻፉት ላይ ነው እንጂ በጳጳሱ ላይ አይደለም። ኬሩላሪዮስ «እነዚህ ከሮም የተላኩ ሳይሆኑ ጣልያን ያለው የጦር አዛዥ አርጊሮስ ያቀነባበራቸው ናቸው» ብሎ ነበር የተከራከረው። አርጊሮስ የቢዛንታይን ሹም ሆኖ የላቲን ሥርዓት ተከታይ ነበር፤ ከፓትርያርኩም ጋር የቆየ ጠብ ነበራቸው።

ግን ልዩነት አለ። ኬሩላሪዮስ የተቀመጠው በገዛ መንበሩ ነው። ሁምበርት ግን መልእክተኛ ነው። መልእክተኛ የሚላከው ለማስማማት ነው። እሱ ደግሞ ገና ከመነሻው ለመርታት ነበር የሄደው። ሁለት ነገር ላሳይህ።

አንደኛው፣ ከመሄዱ በፊት በሊዮ ስም ለኬሩላሪዮስ ባረቀቀው ደብዳቤ ውስጥ «የቆስጠንጢኖስ ስጦታ» የሚባለውን ሰነድ በሰፊው ጠቅሷል። ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ለሮም ጳጳስ የምዕራቡን ግዛት ሰጥቶታል፣ በአንጾኪያ፣ በእስክንድርያ፣ በኢየሩሳሌምና በቁስጥንጥንያ መናብርት ላይም የበላይ አድርጎታል የሚል ነው። ሰነዱ የሐሰት ነው። በ1440 ሎሬንዞ ቫላ የቋንቋውን ዘመን መርምሮ አጋለጠው። ሁምበርት በቅንነት ያመነበት ይመስለኛል፤ በዘመኑ ብዙዎች ያምኑበት ነበር። ግን ለእርቅ በሚጻፍ ደብዳቤ «እኔ የበላይህ ነኝ» ብሎ መክፈት ምን ዓይነት ጥበብ ነው?

ሁለተኛው፣ ቁስጥንጥንያ ውስጥ ኒቂጣስ የሚባል የስቱዲዮን ገዳም መነኩሴ ነበር። በቂጣው ላይ አንድ ጽሑፍ ጽፎ ነበር፤ ሲነጻጸር ጨዋ ጽሑፍ ነው። ሁምበርት የመለሰለት በስድብ ነው። አህያ አለው። ቦታህ ገዳም ሳይሆን የሴተኛ አዳሪ ቤት ነው አለው። ሰኔ 24 በንጉሡ ፊት ክርክር ተደረገ። ኒቂጣስ ጽሑፉን ካደ፤ ጽሑፉም ተቃጠለ። ሁምበርት አሸነፈ። ግን ከተማዋ ውስጥ የነበረውን የመነኮሳት ልብ በዚያች ቀን አጣ። እሱ ራሱ መነኩሴ ሆኖ ሌላውን መነኩሴ እንዲያ ማዋረዱ ነው እኔን የሚያመኝ።

አቤል ከሮም፦

የስድቡን ነገር አልከላከልም። ግን «ለመርታት ነበር የሄደው» የሚለውን አልቀበልም። ለሁምበርት እምነት ድርድር የሚደረግበት ዕቃ አልነበረም። በ1059 በረንጋሪዮስ ዘቱር የሚባል የፈረንሳይ መምህር ስለ ቁርባን ያስተማረውን እንዲተው ሲጠየቅ፣ የሚምለውን ቃል ያረቀቀው ሁምበርት ነው። ቃሉ የጌታ ሥጋ በካህኑ እጅ ይዳሰሳል፣ ይቆረሳል፣ በምእመናን ጥርስም ይታኘካል ይላል። በጣም ጠንካራ ነው። ግን ቁርባኑ እውነተኛ ሥጋና ደም መሆኑን ማንም እንዳያጠራጥር ነው የፈለገው።

መምህር ዘደብር፦

አቶ አቤል፣ በቁርባኑ እውነተኛነት እኛም እናምናለን። ቃሉ ግን የራሳቸው የካቶሊክ ሊቃውንት ሳይቀር በኋላ ማለዘብ የግድ ሆኖባቸዋል። በረንጋሪዮስም ወደ አገሩ ሲመለስ ተቃወመው። በ1079 በሌላ ቃል እንደገና አስማሉት። አስገድዶ ማስማል ሰውን አያሳምንም። ኒቂጣስና በረንጋሪዮስ ላይ ያደረገው ተመሳሳይ ነው፦ ተቃዋሚው ተሸነፈ፣ ጉዳዩ ግን አልተዘጋም።

ሚኪ ቨርጂኒያ፦

ሊዮ ከሞተ በኋላ የልዑካኑ ሥልጣን አያበቃም እንዴ? ላኪው ከሌለ መልእክተኛው በማን ስም ነው የሚያወግዘው?

ዘታሪክ፦

ጥያቄህ ሊቃውንትን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሊዮ ያረፈው ሚያዝያ 19 ነው። ውግዘቱ ሐምሌ 16። በመሀል ሦስት ወር አለ። ቀጣዩ ጳጳስ ቪክቶር 2ኛ መንበሩ ላይ የተቀመጡት በ1055 ነው። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ሮም ጳጳስ አልነበራትም። ብዙዎች ውግዘቱ በሕግ የጸና አይደለም የሚሉት በዚህ ነው።

ታኅሣሥ 7 ቀን 1965 ጳውሎስ 6ኛና ፓትርያርክ አቴናጎራስ በአንድ ቀን፣ አንዱ በሮም ሌላው በኢስታንቡል፣ ሁለቱንም ውግዘት አነሡ። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን በዚያ አንድ አልሆኑም። መለያየቱን ያጠናከሩት ሌሎች ነገሮች ናቸውና። በተለይ በ1204 የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን መዝረፋቸው። ግሪኮች የማይረሱት ያኔ በሐጊያ ሶፊያ የሆነውን ነው።

ኤርሚያስ ፪፦

ከተመለሰ በኋላ ተቀጣ ወይ?

ዘታሪክ፦

አልተቀጣም። እንዲያውም ከፍ አለ። በ1057 ጓደኛው ፍሬድሪክ እስጢፋኖስ 9ኛ ተብሎ ሲሾም የሮም ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አደረገው። በኒቆላዎስ 2ኛ ዘመንም ዋና አማካሪ ነበር። ግንቦት 5 ቀን 1061 ሮም ላይ አረፈ።

ሌላው የሚገርመው፣ የሄደበት የፖለቲካ ጉዳይ ከናካቴው ተገለበጠ። በ1054 ኖርማኖችን ለማስወጣት የቢዛንታይንን እርዳታ ፍለጋ ነበር የሄደው። በ1059 ሜልፊ ላይ ሮም ከነዚያው ኖርማኖች ጋር ተዋዋለች። በ1071 ኖርማኖች ባሪን ሲይዙ ቢዛንታይኖች ከጣልያን ጨርሰው ወጡ።

ስለ ጉዞው የምናውቀው አብዛኛው ራሱ ሁምበርት ካዘጋጀው ዘገባ ነው። እዚያ ላይ የድል ታሪክ ነው የሚተርከው። አንባቢ ይህን እያሰበ ቢያነበው ይሻላል።

ሰብለ ዘጉለሌ፦

በዚያ ሁሉ መሀል አንድ እንኳ ለሰላም የቆመ ሰው አልነበረም?

መምህር ዘደብር፦

ነበረ ልጄ። የአንጾኪያው ፓትርያርክ ጴጥሮስ። ከግሪኮቹ ወገን ነው። ኬሩላሪዮስ የላቲኖቹን ጥፋት ዘርዝሮ ጻፈለት። ጺም መላጨት ሳይቀር አለበት። ጴጥሮስ አንድ በአንድ መለሰለት። ጺሙን ተወው አለ። ስለ ምግቡም ተወው አለ፤ እኛም ዘንድ የሚደረግ ነው ብሎ አሳየው። አንዳንዱን ደግሞ የሰማኸው ሐሰት ነው አለው። በጸሎተ ሃይማኖቱ ላይ ያለው ጭማሪ ግን ከባድ ነው አለ። እነሱ ያንን ቢያርሙ ሌላውን ሁሉ፣ ቂጣውንም ጭምር፣ እንተውላቸው የሚል ነው ሐሳቡ። ላቲኖቹን ወንድሞቻችን ብሎ ነው የጠራቸው። ቃላችን ቢከር መንበሮቻችን ይለያያሉ ብሎ ኬሩላሪዮስን ለመነው።

ኬሩላሪዮስ አልሰማውም።   የጴጥሮስ ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። ዘታሪክ፣ ጊዜ ስታገኝ በእሱ ላይ ሌላ ክር ክፈትልን። እኔም ያለኝን ይዤ እመጣለሁ።